የመምህራን የደረጃ ዕድገት እና የትምህርት ቤት አመራር በኢትዮጵያ

የመምህራን የደረጃ ዕድገት በኢትዮጵያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያስተምር መምህር በአገልግሎት ዘመኑ፣ በሥራ አፈጻጸሙና በሙያ ማሻሻያ ተሳትፎው እየተመዘነ ከጀማሪነት ወደ ላይኞቹ የሙያ ደረጃዎች የሚያድግበት፣ ደመወዙም አብሮ የሚጨምርበት ሥርዓት ነው። ርእሰ መምህራንና የጉድኝት ሱፐርቫይዘሮችም በተመሳሳይ መሰላል ይታቀፋሉ። ሥርዓቱ ሲዘረጋ የታሰበው ጎበዝ መምህር የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ ጠመኔውን ጥሎ ወደ ቢሮ ወይም ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት እንዳይሄድ፣ በክፍሉ ውስጥ ሆኖ እንዲያድግ ነበር። ይህ ሐሳብ በወረቀት ላይ እንደጸና ቢቆይም የደመወዝ የመግዛት አቅም መዳከምና የርእሰ መምህራን አመዳደብ ብዙ ሸርሽረውታል።

ታሪክ

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት «መምህር» ራሱ የደረጃ ስም ነው። ከንባብ ቤት እስከ ዜማ፣ ቅኔና መጻሕፍት ቤት ለዓመታት ተምሮ የተመሰከረለት ሰው የሚጠራበት ሲሆን፣ የኔታ የሚኖሩትም ከደብሩ በሚያገኙት ድርሻና ከወላጆች ስጦታ ነበር። ደመወዝተኛ መምህር የመጣው ከዘመናዊ ትምህርት ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹ መምህራን በአብዛኛው ከግብጽ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። ኢትዮጵያውያን የአንደኛ ደረጃ መምህራንን የማሠልጠን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1944 በዚያው ግቢ ተጀመረ፤ በኋላም በሐረርና በሌሎች ከተሞች የመምህራን ማሠልጠኛዎች ተከፈቱ።

የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በ1941 ዓ.ም. ተመሠረተ። የመምህራን ደመወዝ የአገር ፖለቲካ ጉዳይ የሆነው ግን በ1966 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት መንግሥት ይፋ ያደረገው የትምህርት ዘርፍ ጥናት (ብዙዎች «ሴክተር ሪቪው» የሚሉት) ለአብዛኛው ሕፃን አጭር የመሠረታዊ ትምህርት ዘመን የሚያስቀምጥ በመሆኑ ወላጆችንና ተማሪዎችን አስቆጣ፤ መምህራኑ ደግሞ ለዓመታት ያልተመለሰ የደመወዝ ጥያቄ ነበራቸው። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ በነዳጅ ዋጋ የተቆጡት የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችም በዚያው ቀን መኪናቸውን አቆሙ። መንግሥት ጥናቱን አንሥቶ ወደ ኋላ ቢመለስም የዚያ ሳምንት ንቅናቄ ወደ አብዮት አመራ። ስለ የካቲት አብዮት ሲነገር ወታደሩና ተማሪው ቀድመው ይነሣሉ፤ የመምህሩ የደመወዝ ጥያቄ ግን ከመነሻዎቹ አንዱ ነበር።

በደርግ ዘመን ትምህርት ቤቶች በፍጥነት ሲስፋፉ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ለረጅም ጊዜ ብዙም አልተነቃነቀም። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመምህራን ዕድገት በሙያ ሥነ ምግባር፣ በብቃትና በሥራ ውጤት ላይ የተመሠረተ እንዲሆን ደነገገ። የዛሬው መሰላል መነሻው ይህ ነው።

የመሰላሉ ደረጃዎች

ተቀጥሮ የሚገባ መምህር ጀማሪ መምህር ይባላል። ከዚያ ቀጥሎ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር እና መሪ መምህር ይመጣሉ፤ በኋላ በተደረገ ማሻሻያም ከመሪ መምህር በላይ የከፍተኛ መሪ መምህርነት ደረጃ ታክሏል። መነሻ ደመወዙ መምህሩ ይዞት በመጣው የትምህርት ማስረጃ ይለያያል። ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ በዲፕሎማ የተመረቀ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲመደብ፣ ለሁለተኛ ደረጃ የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለት ከፍተኛ መምህራን በስም እኩል ሆነው በደመወዝ ሊራራቁ ይችላሉ።

«ደረጃ» እና «እርከን» ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ደረጃ ከአንዱ የሙያ ስም ወደ ሌላው መሻገር ነው፤ ምዘናም አለው። እርከን ግን በዚያው ደረጃ ውስጥ ከመነሻው እስከ ጣሪያው ባሉት የደመወዝ መስመሮች አንድ ዕርምጃ መውጣት ነው። ጣሪያ የደረሰ መምህር ደረጃ እስካላደገ ድረስ እዚያው ይቆማል።

የጀማሪነት ዘመን ሁለት ዓመት ነው። በዚህ ጊዜ አዲሱ መምህር ነባር መምህር በአማካሪነት ተመድቦለት የሙያ ትውውቅ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ደረጃ የየራሱ የአገልግሎት ዓመትና የሥራ አፈጻጸም ውጤት ይጠይቃል። ምዘናው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም በየመንፈቁ ይሞላል፤ ከርእሰ መምህሩ ሌላ የሥራ ባልደረቦች፣ ተማሪዎችና ወላጆች ድርሻ አላቸው። በተግባር ትልቁን ሚዛን የሚይዘው የቅርብ አለቃው ነጥብ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ላይ ውጤቶቹ ተቀራራቢና ከፍተኛ ስለሚሆኑ ጎበዙን ከመካከለኛው ለመለየት አይረዱም፤ መምህራን ደግሞ ዝቅ ያለ ነጥብ ሲሰጣቸው ከሥራቸው ይልቅ ከአለቃቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት እንደተለካ ይሰማቸዋል። በዚህም የተነሣ መሰላሉ ከብቃት ይልቅ የአገልግሎት ዘመንን ወደ መቁጠር ያዘነብላል።

ከመሰላሉ ጎን ሌላ መንገድ አለ፤ እሱም የክረምት ትምህርት ነው። በሰርተፊኬት ያስተምር የነበረ ወደ ዲፕሎማ፣ በዲፕሎማ ያለው ወደ ዲግሪ የሚያሻሽለው በአብዛኛው ሐምሌና ነሐሴን በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ግቢ እያሳለፈ ነው። ይህ መንገድ የመምህራንን የትምህርት ደረጃ ከፍ አድርጓል። የጎን ጉዳት ግን አለው፤ ከአንደኛ ደረጃ ክፍል የወጣው ልምድ ያለው መምህር ዲግሪውን ይዞ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ወይም ከናካቴው ከማስተማር ውጪ ወዳለ ሥራ ይሄዳል፤ የታችኞቹ ክፍሎች ለጀማሪ ይቀራሉ።

ደመወዝ

የመምህራን ደመወዝ ስኬል በአገር አቀፍ ደረጃ ይወሰናል፤ ከፋዩ ግን በአብዛኛው ወረዳው ነው። ወረዳዎች ከክልላቸው በሚያገኙት ጥቅል በጀት ከፍተኛውን ድርሻ ለደመወዝ የሚያውሉ በመሆናቸው፣ ደረጃ ዕድገት የጸደቀለት መምህር ጭማሪው «በጀት እስኪፈቀድ» እየተባለ የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆመው የደረጃና የእርከን ክፍያ ነው። በቅርብ ዓመታት በደቡብ አካባቢ አንዳንድ ወረዳዎች መደበኛው ደመወዝ ራሱ እየዘገየ ወይም ተቆርጦ የተከፈለበት አጋጣሚ ነበር፤ በትግራይ ደግሞ በጦርነቱ ዘመን መምህራን ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ቆይተዋል።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። መንግሥት በ2017 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞችን ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ አደረገ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዝቅተኛው 6,000 ብር፣ የአዲስ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር እንዲሆን ተወሰነ። ጭማሪዎቹ የታችኛውን ወለል ይበልጥ ያነሡ ስለነበሩ በመሰላሉ ታችና መካከል ያለው ልዩነት በንጽጽር ጠበበ። ለጀማሪው መልካም ነው፤ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለው መምህር ግን የወጣው መሰላል እንዳጠረበት ይቆጥረዋል።

ከደመወዝ ውጪ ያሉ ጥቅሞች በየአካባቢው ይለያያሉ። በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ድጎማና ነጻ የከተማ አውቶቡስ አገልግሎት፣ በክልሎች በማኅበር ለተደራጁ መምህራን የቤት መሥሪያ ቦታ ይጠቀሳሉ። ጥቅሙ ሁሉም ዘንድ አይደርስም፤ በተለይ ከከተማ ርቆ በገጠር ቀበሌ የተመደበ መምህር የሚያገኘው ትንሽ ነው።

ርእሰ መምህርነት

ርእሰ መምህር የሚሆነው ራሱ መምህር የነበረ ሰው ነው። የመምህርነት ደረጃው፣ የአገልግሎት ዘመኑና የትምህርት ማስረጃው ታይቶ ይወዳደራል፤ ከተመረጠ በኋላ ደግሞ በርእሰ መምህራን የደረጃ መሰላል ያድጋል። ከእሱ በላይ በአንድ ጉድኝት ሥር ያሉ ትምህርት ቤቶችን የሚደግፈው ሱፐርቫይዘር አለ። ጉድኝት ማለት አንድ ማዕከል ትምህርት ቤትና በዙሪያው ያሉ ሳተላይት ትምህርት ቤቶች ስብስብ ነው።

ሥራው ሰፊ ነው። ርእሰ መምህሩ ክፍል ገብቶ የመምህራንን ትምህርት አሰጣጥ ይከታተላል፤ የትምህርት ቤት ድጎማ ገንዘብን ከወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ጋር ያስተዳድራል፤ ለወረዳው ሪፖርት ያዘጋጃል፤ ለመቀመጫ ወንበር፣ ለመጽሐፍና ለመጸዳጃ ቤት ከኅብረተሰቡ መዋጮ ያሰባስባል። በቀኑ መጨረሻ ለመጀመሪያው ሥራ፣ ማለትም ለክፍል ምልከታ፣ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው። በደመወዝ የሚያገኘው ብልጫ ደግሞ ከልምድ አቻው መምህር ጋር ሲነጻጸር ያን ያህል አይደለም። ከሰዓት በኋላ በግል ትምህርት ቤት ወይም በማስጠናት ተጨማሪ ገቢ የሚያገኝ መምህር ርእሰ መምህር ሲሆን ያንን ጊዜ ያጣል። ስለዚህ ለቦታው ብቁ የሆኑ ብዙ መምህራን አይወዳደሩም።

ሌላው ችግር አመዳደቡ ነው። መመሪያው ውድድርና የሙያ መመዘኛ ይጠይቃል፤ በተግባር ግን የፖለቲካ ታማኝነት ሚዛን ደፍቶ የተመደቡ ርእሰ መምህራን መኖራቸው በትምህርት አስተዳደር ጥናቶች ደጋግሞ የተነሣ ነው። እንዲህ የመጣ ርእሰ መምህር ብዙ ጊዜ ወደ ወረዳ ሹመት የሚሸጋገር በመሆኑ በአንድ ትምህርት ቤት አይረጋም። ሴቶች በመምህርነት ካላቸው ቁጥር ጋር ሲነጻጸር በርእሰ መምህርነት ያላቸው ድርሻ ጥቂት ነው።

የሙያ ማሻሻያ

ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ (በትምህርት ቤቶች አጠራር «ተሙማ») ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ተዘርግቷል። መምህሩም ሆነ ርእሰ መምህሩ በዓመት 60 ሰዓት እንዲሳተፍ፣ የሠራውንም በማኅደረ ተግባር እንዲያስቀምጥ ይጠበቃል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የሒሳብ መምህራን ተሰብስበው ተማሪዎች የሚሳሳቱበትን አንድ ርእስ መርጠው መፍትሔ ይፈልጋሉ፣ ይሞክራሉ፣ ውጤቱን ይገመግማሉ። ይህ በሚገባ የተሠራባቸው ጉድኝቶች አሉ። በሌሎች ቦታዎች ግን ማኅደሩ ለሱፐርቫይዘር ጉብኝት የሚሞላ ወረቀት ሆኗል፤ አንዱ መምህር የሌላውን ዕቅድ ስሙን ብቻ ቀይሮ የሚገለብጥበትም ሁኔታ ይታያል።

ለርእሰ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች የተለየው ሥልጠና የትምህርት ቤት አመራር የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ነው። በዩኒቨርሲቲዎች በክረምት የሚሰጥ ሲሆን ማስተማር የሚችል ሰው ማስተዳደርም ይችላል የሚለውን የቆየ ግምት ለመተው የተደረገ ጉልህ ሙከራ ነው። ትምህርቱ ለቦታው ቅድመ ሁኔታ ከመሆን ይልቅ ከተሾሙ በኋላ የሚወሰድ መሆኑ ግን ጥቅሙን ይቀንሰዋል፤ ሠልጥኖ ሲመለስ ከቦታው የተነሣ ርእሰ መምህር የተማረውን የሚሠራበት ትምህርት ቤት አያገኝም።

የሙያ ፈቃድ

መምህራንና የትምህርት ቤት አመራሮች በሙያ ብቃት ምዘና አልፈው ፈቃድ እንዲያገኙና በየጊዜው እንዲያሳድሱ የሚያደርገው አሠራር በ2000ዎቹ ዓ.ም. ተጀመረ። የጽሑፍ ፈተናና የማኅደረ ተግባር ምዘና አለው። ለረጅም ጊዜ አልፎም ሆነ ወድቆ በመምህሩ ደመወዝ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ስላልነበረ ብዙዎች እንደ ሥጋት እንጂ እንደ ዕድል አላዩትም።

ጉዳዩ እንደገና ትኩረት ያገኘው በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምክንያት ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ተፈታኞች ነበሩ። ብዙ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የሁለተኛ ደረጃ መምህራንና የትምህርት ቤት አመራሮች በዩኒቨርሲቲዎች ተሰብስበው በሚያስተምሩት ትምህርትና በማስተማር ዘዴ ሠለጠኑ፤ የሥልጠናው ማብቂያም ፈተና ነበረው። የመምህራን ማኅበር ብቃትን መመዘን ተገቢ መሆኑን ሳይክድ ምዘናው ከደመወዝ፣ ከቤትና ከትምህርት ቤቱ ግብዓት ጥያቄ ጋር አብሮ እንዲታይ ይጠይቃል፤ በዚህ ነጥብ ላይ ክርክሩ ቀጥሏል።