ንዳድ፣ ብግነት፣ አይጥ

ነደደ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ግእዙ ነደ ብሎ ነድን፣ ማለትም ነበልባልን ሰጠን፤ አማርኛ ከዚያው ሥር ንዴትን ለልብ፣ ንዳድን ለገላ አወጣ። ሕማምም ከእሳት አይርቅም። የግእዙ ሐመ «ታመመ» ነው፤ ዘመዶቹ ግን ይሞቃሉ፦ የዕብራይስጡ ሐም «ሙቅ»፣ የዐረብኛው ሑማ «ትኩሳት»። ትኩሳት ራሱ የተኮሰ ልጅ ነው፤ ወንድሞቹ ትኩስና ተኩስ ናቸው።

እንግዲህ ለኢንፍላሜሽን ብግነትን የመረጡ ሰዎች ከቤት አልወጡም። በገነ በንዴት የጤሰ ሰው ግሥ ነው፤ «ብግን አልኩ» ስንል ሆዳችን ይፋጃል። ላቲኑም ስሙን የቀዳው ከፍላማ፣ ከነበልባል ነው። ሮማዊው ኬልሰስ በ1ኛው መቶ ዓመት አራት ምልክቶች ጻፈለት፦ መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋል፣ ሕመም። ማበጡ በእሱ ቋንቋ ቱሞር ነው፤ ያዙልኝ።

ቁስል ሲያመረቅዝ ሐኪም ቤት «ኢንፌክሽን ፈጥሯል» ይባላል። ላቲኑ ኢንፊኬሬ መንከር፣ ቀለም ማስገባት ነበር፤ ከተነከረ ጨርቅ ወደ ተበከለ ገላ ተሻገረ። የእኛው መረቀዘ ቀለም አያውቅም፣ መግል እንጂ።

ብግነት ሲከርም ዕዳው የሚወድቀው ጡንቻ ላይ ነው። ሰውነት የጡንቻን ፕሮቲን አፍርሶ አሚኖ አሲዱን ለጉበትና ለመከላከያ ሕዋሳት ይልካል። ይህን የማፍረስና የመገንባት ሥራ ሜታቦሊዝም ያሰኘው የግሪኩ ሜታቦሌ፣ «ለውጥ» ነው፤ ቴዎዶር ሽቫን በ1839 እ.ኤ.አ. ለሕዋስ ተጠቀመበት። የጡንቻው ስም ግን ያስቃል። የግሪኩ ሙስ አይጥም ጡንቻም ነው፤ ላቲኑ ሙስኩሉስ «ትንሽ አይጥ»። ክንድ ሲታጠፍ ከቆዳ ሥር ሽው የሚለውን ያየ ሰው ያወጣው ስም ይመስላል። ስለዚህ ማዮሳይቲስ፣ የጡንቻ ብግነት፣ በፊደሉ ከሄድን የአይጥ ብግነት ነው። ጡንቻን ከጥንቸል ለማዛመድ የቋመጠ ግን ይታገሥ፤ የድምፅ መመሳሰል ሥር አይሆንም።

ጥንቸል በሌላ በር ትገባለች። በኒውዮርኩ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ አንቶኒ ሴራሚና ባልደረቦቹ ትሪፓኖሶማ በተባለ ጥገኛ ተሕዋስ የተያዙ ጥንቸሎችን መረመሩ፤ ከብት ላይ ሲሆን እረኞቻችን ገንዲ የሚሉት በሽታ ወገን ነው። የጥንቸሎቹ ደም በስብ ተሞልቶ ሥጋቸው ይመነምናል። ለዚህ ተጠያቂ ያደረጉትን ፕሮቲን ካኬክቲን አሉት፤ ከካኮስ «ክፉ» እና ከሄክሲስ «ሁኔታ»። በ1985 እ.ኤ.አ. ካኬክቲን ቀድሞ የታወቀው ቱሞር ኔክሮሲስ ፋክተር ሆኖ ተገኘ። ቱሞር የኬልሰስ እብጠት፣ ኔክሮስ «ሬሳ»፤ ዕጢን ሲያከስም ስለታየ የወጣ ስም ነው።

ሁለት ስም፣ አንድ ፕሮቲን። የዕጢው ስም አሸነፈና ቲኤንኤፍ ሆኖ ቀረ። ለእኔ ግን በኢንፌክሽን ለከሳ ሰው የሚስማማው የተሸነፈው ነበር።