ሦስቱ ካሬዎች፦ የባግዳድ ሊቃውንትና የእጅ ባለሙያዎች

ከኢስፋሃን እስከ ግራናዳ ያሉ ጥንታዊ ሕንፃዎችን ጌጥ ስናይ አብዛኞቻችን «ማሻ አላህ» ብለን እናልፋለን። ዛሬ ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ያንን ጌጥ የወለደው የማን እውቀት ነው? የሒሳብ ሊቁ ወይስ የእጅ ባለሙያው?

አንድ ቅርጽ ሲዞር ወይም በመስታወት ሲታይ ራሱኑ ከመሰለ ሲሜትሪ አለው ይባላል። የማር እንጀራን ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ በ60 ዲግሪ ብናዞረው መልኩ አይለወጥም። የጥንት ጌጦች የተሠሩት በዚሁ ሥርዓት ነው።

በባግዳድ የኖረው አቡል ወፋእ አል-ቡዝጃኒ (እ.ኤ.አ. 940–998) ለእጅ ባለሙያዎች የሚያስፈልገውን ጂኦሜትሪ በመጽሐፍ አዘጋጅቶላቸዋል። በመጽሐፉ ውስጥ ሊቃውንትና ባለሙያዎች አብረው የተቀመጡበትን አንድ ውይይት ያነሳል። ጥያቄው «ሦስት እኩል ካሬዎችን ቆራርጠን እንዴት አንድ ካሬ እናድርግ?» የሚል ነበር። ከባለሙያዎቹ ዘዴዎች አንዳንዱ ለዓይን ልክ ቢመስልም ሲሰላ ልክ አልነበረም። ሊቃውንቱ ደግሞ ማረጋገጫውን ቢያውቁም መቁረጡና መግጠሙ ከበዳቸው። አቡል ወፋእ ሁለቱን ካሬዎች በሰያፍ ከፍሎ፣ አራቱን ሦስት ማዕዘኖች በሦስተኛው ካሬ ዙሪያ ደረደረ፤ ከዚያም ትርፉን ቆርጦ ክፍተቱን ሞላበት። ሥራውም ማረጋገጫውም ተሟላ።

እ.ኤ.አ. በ1453 በኢስፋሃን የተሠራው ደርበ ኢማም ላይ ያለው ጌጥ ደግሞ ሌላ ግርምት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ፒተር ሉ እና ፖል ስታይንሃርት የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ጌጡ ሮጀር ፔንሮዝ በ1970ዎቹ ካገኘው፣ በእኩል ርቀት ከማይደጋገም ድርድር ጋር እጅግ እንደሚቀራረብ አሳዩ።

ይሁንና «ከፔንሮዝ በፊት እኛ ደርሰንበታል» ብለን ለመፎከር አንቸኩል። የሠሩት ሰዎች የሒሳብ ማረጋገጫ ትተው አልሄዱም፤ ደንቡን ምን ያህል ያውቁት እንደነበርም ያከራክራል።

ከፉከራ ይልቅ ያንን የባግዳድ ውይይት ብናስብ ይሻለናል። በአገራችን ሸማኔው፣ አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪው ለዘመናት ተንቀው ኖረዋል፤ ብዙ ሙስሊም አባቶቻችንም በሽመና ይተዳደሩ ነበር። አቡል ወፋእ ግን ባለሙያውን ሳይንቅ ስህተቱን አረመለት፣ ለሥራውም የሚሆን መጽሐፍ ጻፈለት። ልጆቻችን የእጅ ሙያ እንማር ሲሉን ከማሳፈራችን በፊት ይህን እናስታውስ።