ምላጭ ቢያብጥ

«ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጣል? ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?» ይላሉ አበው። ተረቱ ዘወትር የሚጠቀሰው ዳኛ ሲያዳላ፣ ጠባቂ ሲሰርቅ፣ መድኃኒቱ ራሱ በሽታ ሲሆን ነው። እኔ ግን ዛሬ ከችሎት አውጥቼ ወደ ተነሣበት ወደ ምላጩ ልመልሰው ወደድሁ። በቋንቋችን እብጠት የሥጋ ብቻ አይደለም። «ልቡ አብጧል» የምንለው ሰው ሐኪም የሚያሻው ሳይሆን ትዕቢት ያደረበት ነው። ብረትማ አያብጥም፤ የሚያብጠው ብረቱን የጨበጠው ሰው ልብ ነው። የመላጨት ታሪክም ለእኔ፣ ያበጡ ልቦች በገዛ ምላጫቸው የተበጡበት ታሪክ ሆኖ ይታየኛል።

አማርኛ ስለ ምላጭ ብዙ ያውቃል። የተታለለ ሰው «በደረቁ ላጩኝ» ይላል። ውሃና ሳሙና ሳይነካው የሚላጭ ቆዳ እንዴት እንደሚቃጠል ያየ ሕዝብ ብቻ ነው ለማጭበርበር እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣ። ጠመንጃ የሚተኮስበትንም መሳቢያ «ምላጭ» እንለዋለን። ሁለቱን የሚያገናኛቸው፣ በትንሽ የጣት ግፊት የማይመለስ ነገር ማድረሳቸው ይመስለኛል።

በአገራችን መላጨት ለብዙ ዘመን የብቻ ሥራ አልነበረም። ሕፃኑን እናቱ ወይም አያቱ ትላጨዋለች፤ ከአናቱ ላይም ቁንጮ ትተውለታለች። ልጁ ቢሞት መልአክ በቁንጮው ስቦ ወደ ሰማይ ያወጣዋል ይባል ነበርና። ልጃገረዷ መኻል አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ስታስተው ሳዱላ ትባላለች። ሐዘን የደረሰባት ሴት ጠጉሯን ትላጫለች። ሙስሊም ወገኖቻችን ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን፣ በአቂቃው ዕለት፣ የሕፃኑን ራስ ይላጫሉ፤ የጠጉሩንም ክብደት ያህል ብር ለድኻ ይመጸውታሉ። በቦረና የገዳ ሥርዓት ደግሞ በመጀመሪያው እርከን ያሉት ደባሌዎች ጠጉራቸው ሳይቆረጥ ያድጋል፤ ወደ ጋሜ እርከን ሲሸጋገሩ በሥርዓት ይላጫል። «ጋሜ» የሚለው ቃል በአማርኛም የልጅ ጠጉር አቆራረጥ ስም መሆኑን ስናስብ፣ ምላጭ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ያለ ድንበር ሲመላለስ እንደኖረ እንገነዘባለን።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የጋራ ነገር አለ። ላጪና ተላጪ ሁለት ሰዎች ናቸው። ተላጪው ራሱን ጎንበስ አድርጎ ሌላውን ያምናል፤ ላጪው ደግሞ የታመነበትን ራስ ይዞ ይጠነቀቃል። እርግጥ ነው፣ ይህ እምነት የሚከዳበት ጊዜ ነበር። ዓረቦች በደካማ ሰው ላይ ሙያ የሚለማመደውን ሲነቅፉ «በየቲሞች ራስ ላይ መላጨት ይማራል» ይላሉ። የየቲም ራስ ቢደማ የሚጠይቅ አባት የለምና። ጀማሪ ላጪ የራሱ ደም ስለማይፈስ ይደፍራል ማለት ነው።

ታዲያ ሰው ምላጩን በገዛ ጉንጩ ላይ ማሳረፍ መቼ ለመደ? ግለሰቦች በየዘመኑ ሞክረውት ይሆናል፤ እንደ ትምህርት ተቆጥሮ መጽሐፍ የተጻፈለት ግን ዘግይቶ ነው። ዣን ዣክ ፔሬ የተባለ የፓሪስ ስለት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1769 ሰው ራሱን መላጨት እንዴት እንደሚማር የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። ይኸው ሰው ስለቱ ጠልቆ እንዳይገባ እንደ አናጢ መላጊያ በእንጨት የተከበበ ምላጭም አሰበ። ስለት መሥራት እንጀራው የሆነው ሰው፣ ደንበኛው በገዛ እጁ እንዳይቆረጥ መከላከያ ማበጀቱ ብዙ ይናገራል። ከሁሉ በፊት የጀማሪን ድፍረት ያውቅ ነበር!

የዚያ ዘመን ምላጭ በእጀታው ውስጥ የሚታጠፍ ረጅም ስለት ነው። ከመላጨት በፊት በቆዳ ላይ እየተሳበ ይሰላል። ይህ የየማለዳ ሥራ ነው፤ የየማለዳ ሥራ ደግሞ ንቀትን ያመጣል። የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የአሜሪካዊውን ደራሲ የሄንሪ ዴቪድ ቶሮን ስም ታውቃላችሁ። ታላቅ ወንድሙ ጆን እ.ኤ.አ. በጥር 1842 የመጀመሪያ ቀን ምላጩን ሲስል ጣቱን ጥቂት ቆረጠ። ቁስሉ ትንሽ ስለነበር በጨርቅ አስሮት ወደ ሥራው ሄደ። ከቀናት በኋላ መንጋጋ ቆልፍ ያዘው፤ በ11ኛው ቀን በወንድሙ በሄንሪ እቅፍ ውስጥ ሞተ። ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1849 ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ ከዚሁ ወንድሙ ጋር በጀልባ ያደረገው ጉዞ መታሰቢያ ነው። ያን መጽሐፍ ሳስብ አንዲት ቀጭን የብረት ጠርዝ በታሪክ ዳር ተጋድማ ትታየኛለች።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሰው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ነው። ሰውዬው የጠርሙስ ቆርኪ የሚሠራ ኩባንያ ተዘዋዋሪ ሻጭ እንጂ የብረት ዐዋቂ አልነበረም። ልቡ ግን ትልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1894 ባሳተመው መጽሐፍ አሜሪካውያንን በአንዲት ግዙፍ ከተማ፣ በናያጋራ ፏፏቴ አጠገብ፣ ሰብስቦ ሊያኖር ተመኝቶ ነበር። ይህ ሕልም የትም አልደረሰም። በዓመቱ ግን በደነዘ ምላጭ ፊት ቆሞ ሳለ ሌላ ሐሳብ መጣለት። ተስሎ የማይታደስ፣ ሲደንዝ የሚጣል ስስ ስለት ለምን አይሠራም? ዐዋቂዎቹ ያን ያህል ስስ ብረት ጠንክሮ ሊሳል አይችልም አሉት። እርሱም በኋላ፣ የቴክኒክ ትምህርት ቢኖረኝ ኖሮ ገና ድሮ ተስፋ እቆርጥ ነበር የሚል ሐሳብ ተናግሯል። ሐሳቡን ወደ ብረት የለወጠለት ዊልያም ኒከርሰን የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ ድካሙ ዓመታት ፈጅቷል።

የባንክ ሠራተኛ ነኝና ቁጥር ሲነሣ ጆሮዬ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1903፣ በመጀመሪያው የሽያጭ ዓመት፣ የጂሌት ኩባንያ የሸጠው 51 መላጫና 168 ስለት ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ሂሳብ ይዞ ብድር የሚጠይቅ ሰው ከየትኛውም መስኮት ባዶ እጁን ይመለሳል። በሚቀጥለው ዓመት ግን የተሸጠው መላጫ ከ90,000 በለጠ። አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ፣ የመርዝ ጋዝ ጭንብል በጺማም ፊት ላይ በደንብ ስለማይገጥም፣ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን መላጫ አቀረበ። ከጦር ሜዳ የተመለሰው ወጣት ራሱን መላጨት ለምዶ ተመለሰ። የጂሌት መጨረሻ ግን ሌላ ነው። ሀብቱ ከ1929ኙ የገበያ ውድቀት ጋር ተሸረሸረ፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ሲሞት የቀረው ጥቂት ነበር። ድፍረቱ አንድ ጊዜ አነሣው፤ ሌላ ጊዜ ጣለው።

* * *

አዲሱ መላጫ «ከአደጋ የሚጠብቅ» የሚል ስም ነበረው። ችግሩም የጀመረው ከዚህ ስም ይመስለኛል። ረጅሙን ምላጭ የጨበጠ ሰው ይፈራ ነበር፤ ፍርሃቱም ጥበቃው ነበር። ስሙ ያባበለው ግን መፍራት ተወ።

ሻሸመኔ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከባሌና ከወላይታ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት በመሆኗ፣ በጠጉር አስተካካይ ቤቶቿ ወንበር ላይ የማይቀመጥ ዓይነት ሰው የለም። ተራዬን ስጠብቅ ደጋግሜ ያስተዋልሁት አንድ ነገር አለ። አንገቱ ተቆጥቶ፣ በቀያይ እብጠቶች ተሞልቶ የሚመጣው ወጣት ምላጭ ትናንት የያዘ ጀማሪ አይደለም። ጀማሪውን ፍርሃቱ ይጠብቀዋል። ውሃውን ያሞቃል፣ ሳሙናውን በብሩሽ አርፍቶ ይቀባል፣ እጁን ያቀላል። አደጋው የሚመጣው «አወቅሁት» ያለ ዕለት ነው። ሙቅ ውሃውን ይተዋል፤ ሳሙናውን በጥድፊያ ይለቀልቃል፤ ስለቱን ይጫናል። በመጨረሻም ጺሙ ወደሚተኛበት አቅጣጫ መላጨቱ አልጠራ ሲለው ሽቅብ ይልጋል። ጉንጩ በዚያ ቀን እንደ መስተዋት ያበራል፤ ቅጣቱ የሚመጣው ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

ነገሩ ምክንያት አለው። ለስላሳና ቀጥ ያለ ጺም ሲቆረጥ ቀጥ ብሎ ያድጋል። እንደ ብዙዎቻችን ያለ የተጠቀለለ ጺም ግን ከቆዳ በታች ከተቆረጠ፣ የሾለው ጫፉ ሲያድግ ተመልሶ ሥጋውን ይወጋል። ሰውነትም እንደ እሾኽ ቆጥሮት ያብጣል። እ.ኤ.አ. በ1971 ባለ ሁለት፣ በ1998 ባለ ሦስት፣ በ2006 ባለ አምስት ስለት መላጫዎች በየተራ ገበያ ሲወጡ የተነገረላቸው አንድ ነገር ነበር፤ ይበልጥ አጥርተው ይላጫሉ። የፊተኛው ስለት ጠጉሩን ይስበዋል፣ የኋለኛው ከሥር ይቆርጠዋል። ጺሙ ለተጠቀለለ ሰው ግን ይህ ጥራት መዘዝ ነው። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ብዙ ጥቁር ወታደሮች በዚሁ ሕመም ሳቢያ እንዳይላጩ የሐኪም ፈቃድ ሲያወጡ ኖረዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቆዳ የሚበጀው አጥርቶ አለመላጨት ነው። አንድ ስለት፣ ብዙ ውሃ፣ ቀላል እጅ፣ አንድ አቅጣጫ፤ ከዚያም ጥቂት ጺም ትቶ መነሣት። ለወጣት ልብ ከዚህ የከበደ ትምህርት የለም፤ ሥራን ሳይጨርሱ ማቆም!

ሁለተኛው ድፍረት ከዚህ የከፋ ነበር። አንድ ምላጭ ለቤተሰብ፣ አንድ ምላጭ ለሰፈር የሚበቃበት ዘመን ነበር። የኤች አይ ቪ ሥርጭት በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1984 ከታወቀ፣ የመጀመሪያዎቹም ሕሙማን በ1986 ከተመዘገቡ በኋላ፣ ስለታማ ነገር በጋራ አትጠቀሙ የሚለው ምክር ከትምህርት ቤት እስከ ዕድር ደረሰ። ደንበኛ ስለቱን በወረቀት እንደተጠቀለለ በኪሱ ይዞ ወደ አስተካካይ መሄድ ጀመረ። «እኔን ምን ይነካኛል» የሚለው ሰው ያኔም ነበረ፤ ዛሬም አለ። የጉበት ቫይረስ ዓይነት ቢ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ሰባት ቀን በሕይወት መቆየት እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ግን የጓደኛውን ምላጭ አይዋስም።

* * *

ሦስተኛው ድፍረት የባለሥልጣን ነው። የአሞን ልጆች ንጉሥ ሐኖን፣ ዳዊት ለለቅሶ የላካቸውን መልእክተኞች ይዞ የጺማቸውን ግማሽ ላጨ፤ ጥቂት ጠጉር የቆረጠ መስሎት ጦርነት ጫረ፣ ተሸነፈም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1963 በጃማይካ ኮራል ጋርደንስ ስምንት ሰዎች ከሞቱበት ግጭት በኋላ፣ ፖሊሶች ራስ ተፈሪያንን በየቦታው እያደኑ አሰሩ፤ የብዙዎቹንም ጠጉር በግድ ቆረጡ። እነርሱ ግን በዘኍልቍ መጽሐፍ ስለ ናዝራዊ በተጻፈው ሕግ መሠረት ምላጭ በራሳቸው ላይ እንዳይወጣ የተሳሉ ሰዎች ነበሩ። በግድ የተቆረጠው ጠጉር መልሶ አደገ። የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር በ2017 በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታው 54 ዓመት ዘገየ።

ከእነዚያ ሰዎች ወንድሞችና ልጆች አንዳንዶቹ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ኢትዮጵያን ለደገፉ በባሕር ማዶ የሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች በሻሸመኔ ወደ 200 ሄክታር መሬት፣ በእኛ ልክ አምስት ጋሻ ያህል፣ ሰጡ። «ጃማይካ» በምንለው ሰፈር ዛሬም ምላጭ ያልነካው ራስ ይታያል። ጥቂት እልፍ ሲሉ ደግሞ የአስተካካይ ቤት ወንበር ላይ ጉንጩን በሳሙና አርፍቶ የተቀመጠ ሰው አለ። አንዱ ምላጭን በስእለት ይርቃል፤ ሌላው በትዕግሥት ይቀርበዋል። ሁለቱም ምላጭን አልናቁትም፤ ስለዚህ ሁለቱም በሰላም ያድራሉ።

እንግዲህ የአበው ጥያቄ «ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጣል?» የሚል ነበር። ከፓሪሱ ስለት ሠሪ እስከ ሻሸመኔው ወጣት አንገት ድረስ ያለው ታሪክ ጥያቄውን ገልብጦ ይመልሰዋል። ምላጭ አያብጥም፤ ያበጠውን ልብ ግን ዘወትር ይበጣል፤ አንዳንዴ በጠብታ ደም፣ አንዳንዴ በሕይወት፣ አንዳንዴ በመንግሥት ኀፍረት። ለዚህ ነው ሁለት ስንኝ የቋጠርሁለት፦

እጅ ሲረጋ ነው ስለት የሚገዛ፣
ልብ ሲቸኩልማ ደም ነው የሚበዛ።

ቸር ይግጠመን።