ሣርን በረሃ ያስገባው ጎማ

የግቢ ሣርን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ክብሩን ለአንድ ማሽን ይሰጣሉ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኤድዊን ባዲንግ ሱፍ በሚሸመንበት በስትራውድ አካባቢ ይኖር ነበር፤ የጨርቁን ፀጉር የሚላጨውን መሣሪያ አይቶ በ1830 የሣር ማጨጃ ማሽን አስመዘገበ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት አጭርና ልሙጥ ሣር የሚኖረው ጤዛው ሳይደርቅ ማጭድ ይዘው የሚሰለፉ ሠራተኞችን መቅጠር የሚችል ባለጸጋ ብቻ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ የሚያስረዳው ግን ዝናብ የማያጣትን እንግሊዝን ነው። ሣር በደረቅ አገር በየቤቱ ደጃፍ እንዴት እንደተነጠፈ ማጨጃው አይነግረንም፤ ያልበቀለ አይታጨድምና። በእኔ ግምት ልማዱን ከዝናባማ አገር አውጥቶ ያስፋፋው ግፊት ያለው የቧንቧ ውሃና የማጠጫ ጎማ ነው። ይህም ከምንም በላይ የሚታየው ሣሩ ገና በተነጠፈባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ነው።

ለንጣፍ የሚሸጥ ሣር ከእርሻው የሚነሳው ሥሩ ተቆርጦ፣ ስስ አፈር ብቻ ይዞ፣ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ነው። አብዛኛው ሥር እዚያው ይቀራል፤ ቅጠሉ ግን እንደ ቀድሞው ውሃ ማትነኑን አይተውም። አዲስ ሥር አውጥቶ አዲሱን መሬት እስኪይዝ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። እስከዚያ ያለው ውሃ በዚያች ስስ አፈር ውስጥ ያለው ብቻ ነው፤ እሷም በፀሐያማ ቀን በሰዓታት ውስጥ ትደርቃለች፣ ትኮማተራለች፣ መገጣጠሚያዋም ይከፈታል። ስለዚህ አትክልተኛው በተነጠፈበት ዕለት ከሥር ያለው መሬት ጭምር እስኪርስ ያጠጣል፤ በቀጣዮቹ ቀናት ጥቂት ጥቂት እያደረገ ደጋግሞ ይረጫል፤ ጥጉን ሳብ አድርጎ ሥሩ መያዙን ካረጋገጠ በኋላ ግን ቀኑን እያራራቀ፣ በሰጠ ጊዜ ውሃው ጠልቆ እንዲሰርግ ያደርጋል። እንግሊዛውያን ከዚህ ጣጣ ያመለጡት ወቅት በመምረጥ ነው። ሣር የሚያነጥፉት በተለምዶ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ብርዳማና እርጥብ ጊዜ ስለሆነ ማጠጣቱን ሰማዩ ይሠራላቸዋል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። የደረቅ አገር ሰዎች ጎማ ሳይኖራቸው ድንቅ የአትክልት ቦታ አልምተዋል፤ የፋርስ ግቢዎች ከተራራ ሥር ቃናት በሚባል የመሬት ውስጥ ቦይ የተሳበ ውሃ ይጠጡ ነበር፤ የግራናዳው አልሃምብራም ያለ ቦይ አይታሰብም። ነገር ግን በእነዚህ ቦታዎች ምን እንደ ተተከለ ማየት ይበቃል። ቦይ ውሃን ወደ ዝቅተኛ መደብና ወደ ዛፍ ሥር ይወስዳል፤ ሮማኑ፣ ጽጌረዳውና ጥዱ ድርሻቸውን ያገኛሉ፣ የቀረው መሬት ድንጋይ ይነጠፍበታል። ከቤቱ ደጃፍ እስከ መንገዱ የተዘረጋን ሣር በቀን ደጋግሞ፣ እኩል በእኩል፣ አፈሩን ሳያጥቡ ማርጠብ ከላይ የሚረጭ ውሃን ይጠይቃል። ለዚህ የዋለው ጎማ ከሌላ ሥራ በውሰት የመጣ ነው። ያን ፋን ደር ሄይደን በ1670ዎቹ አምስተርዳም ላይ ከቆዳ የሠራው ቱቦ ለእሳት ማጥፊያ ነበር፤ ቻርልስ ጉድይር በ1844 የባለቤትነት መብት ያገኘበት የጎማ አሠራር ደግሞ ቱቦውን ቀላልና ርካሽ አደረገው። በየሜዳው እየተርገፈገፈ የሚዞረውን መርጫ በ1933 የፈለሰፈው ኦርተን ኢንግልሃርት የኖረው ዝናብ በሚያጥራት ካሊፎርኒያ ውስጥ መሆኑ አያስገርመኝም።

ሌላው ተከራካሪ ወሳኙ ውሃ ሳይሆን የጎረቤት ዓይን ነው ይላል፤ ምስክሩም ሌቪታውን ናት። በ1947 በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ መገንባት በጀመረችው በዚህች ሰፈር የግቢውን ልማት የሚመራው አብርሃም ሌቪት ለሣር ልዩ ፍቅር ነበረው፤ ነዋሪውም በበጋ ሣሩን በየሳምንቱ እንዲያጭድ ውሉ ያስገድደው ነበር። ሎንግ አይላንድ ግን በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። በኔቫዳ በረሃ ያለችው ላስ ቬጋስ የምታገኘው 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ1905 አንድ የባቡር ኩባንያ መሬቷን በጨረታ ሲሸጥ የከተማዋ ተስፋ ምንጮቿ ነበሩ፤ ጉድጓድ ሲቆፈርም ውሃው በራሱ ግፊት ይፈልቅ ነበር። በዚያ ውሃ ሣር ተተከለ፣ ከተማዋ ሰፋች፣ በ1962 ምንጮቹ ነጠፉ። ሣሩ ግን አልነጠፈም፤ ቧንቧው በኮሎራዶ ወንዝ ላይ ወዳለው ሜድ ሐይቅ ዞረ። የጎረቤት ዓይን ሣር ሊያስመኝ ይችላል፤ ሥር ማስያዝ ግን አይችልም።

ብርቱ የሆነብኝ ክርክር ሦስተኛው ነው፦ ማጠጣት የሚያስፈልገው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ድርቅ የሚችል ዝርያ ራሱን አይችልም ወይ? አሜሪካኖች የቤርሙዳ ሣር የሚሉት የኛው ሰርዶ፣ አህያ «እኔ ከሞትኩ አይብቀል» ያለችው ያ ግትር ሣር፣ በእርግጥ ይችላል። ችግሩ ብርድ ሲመጣ እንደማረፍ ብሎ መንጣቱ ነው። የላስ ቬጋስ የጎልፍ ሜዳዎችና ሆቴሎች ክረምቱንም አረንጓዴ ስለሚፈልጉ በመስከረምና በጥቅምት ሰርዶውን አሳጥረው ራይ የተባለ ሣር ይዘሩበታል፤ ዘሩ እስኪበቅልም በቀን ደጋግመው ያጠጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንግዲህ በየዓመቱ ይመለሳሉ።

ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዚህች ከተማ ሂሳቡ ተሠርቷል። የደቡብ ኔቫዳ የውሃ ባለሥልጣን በ2005 ባሳተመው ጥናት አንድ ካሬ ሜትር ሣር በዓመት 3,000 ሊትር ገደማ ውሃ ይወስድ ነበር፤ ይህ በዚያው መሬት ላይ ከሚወርደው ዝናብ 30 እጥፍ ያህል ነው። በበረሃ ተክል የተተካው ግቢ የበቃው 700 ሊትር ገደማ ነው። በቤት ውስጥ የሚፈሰው ውሃ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተጣርቶ ወደ ሐይቁ ስለሚመለስ ከወንዙ በእርግጥ የሚጎድለው ውጭ የሚረጨው ነው። ባለሥልጣኑ ከ1999 ጀምሮ ሣሩን ለሚነቅል ሰው ገንዘብ ይከፍላል። በ2021 የወጣው የኔቫዳ ሕግ ግን ከዚህም አልፎ ሄደ። የግለሰብ መኖሪያ ግቢዎችን ትቶ፣ በመንገድ ዳርና በሕንፃዎች ፊት ለጌጥ ብቻ በተነጠፈው ሣር ላይ አነጣጠረ። ሕጉ የሚከለክለው ሣሩን አይደለም። ከ2027 መጀመሪያ አንስቶ የሚከለክለው ያንን ሣር በኮሎራዶ ወንዝ ውሃ ማጠጣትን ነው፤ ሕግ አውጪዎቹ ሌላ መጻፍ አላስፈለጋቸውም።