ሞርዲን ሶለስ

ሞርዲን ሶለስ «ማስ ኢፌክት» በተባለው የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ቪዲዮ ጌም ውስጥ የሚገኝ ገጸ ባሕርይ ነው። ጌሙን የሠራው የካናዳዋ ኤድመንተን ከተማ ኩባንያ ባዮዌር ነው። ሞርዲን በ2010 በወጣው ሁለተኛ ክፍል ከተጫዋቾች ጋር ተዋወቀ፤ ታሪኩም በ2012 በወጣው ሦስተኛ ክፍል ተቋጨ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሐኪም፣ የሥነ ሕይወት ተመራማሪና የቀድሞ የልዩ ግዳጅ ጦር ባልደረባ ነው። የአንድ ሕዝብ ልጆች ሞተው እንዲወለዱ ካደረጉ ሳይንቲስቶችም አንዱ እሱ ነው።

ማስ ኢፌክትን የተጫወቱ ሰዎች ስለሚወዷቸው ገጸ ባሕርያት ሲያወሩ የሞርዲን ስም ሳይነሣ አይቀርም። ይህ ፍቅር ግን ለጀግና ከሚሰጠው አድናቆት ይለያል። ወዳጆቹ የሠራውን ሁሉ እያወቁ ነው የሚወዱት፤ አንዳንዶቹ ትክክል ነበር ይላሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ይቅር ሊባል የማይገባው በደል ነው ብለው እያመኑ ይወዱታል። በቪዲዮ ጌም ታሪክ ውስጥ አድናቂዎች ከአንድ ውስብስብ ገጸ ባሕርይ ጋር የሚፈጥሩትን ቁርኝት ለመረዳት ከእሱ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የጄኖፌጅ ታሪክ

የሞርዲን ወገኖች ሳላሪያኖች ይባላሉ። ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት እምብዛም አያልፍም፤ በቀን አንድ ሰዓት ያህል መተኛት ይበቃቸዋል፤ ፈጥነው ያስባሉ፣ ፈጥነው ይናገራሉ። በሳይንስና በስለላ የታወቁ ናቸው። ተቃራኒዎቻቸው ክሮጋኖች ናቸው፤ ግዙፍ፣ ብርቱ፣ ከሺህ ዓመት በላይ የሚኖሩ፣ ቱቻንካ የተባለች ፕላኔታቸውንም በራሳቸው የኒውክሌር ጦርነት ያወደሙ ተዋጊዎች።

ሳላሪያኖች ክሮጋኖችን ያገኟቸው ጋላክሲው ራክናይ በተባሉ ፍጡራን ሊዋጥ በተቃረበበት ዘመን ነበር። ቴክኖሎጂ ሰጥተው ወደ ጦር ሜዳ አሰለፏቸው፤ ክሮጋኖችም ጦርነቱን አሸነፉ። ለውለታቸው አዳዲስ ፕላኔቶች ተሰጧቸው። ቱቻንካን በመሰለች ጨካኝ ምድር ላይ እንዳያልቁ በብዛት ይወልዱ የነበሩት እነዚህ ሰዎች፣ ለም በሆነ መሬት ላይ ሲሰፍሩ ቁጥራቸው ከልክ አለፈ። መሬት ሲጠባቸው የሌሎችን መውረር ጀመሩ። ያን ጊዜ ሳላሪያኖች ጄኖፌጅ የተባለ የዘረመል መሣሪያ ሠሩ፤ ቱሪያን የሚባሉት ወታደራዊ ሕዝቦች ደግሞ ለቀቁት። ጄኖፌጅ ክሮጋኖችን መካን አላደረጋቸውም። ያደረገው ከዚህ ይከፋል፤ ከሺህ እርግዝና በሕይወት የሚወለደው አንድ ብቻ ሆነ። እናቶች ይፀንሳሉ፣ ይጠብቃሉ፣ የሞተ ልጅ ይታቀፋሉ፤ ይህም በትውልዶች ላይ ተደጋገመ።

የጌሙ ታሪክ የሚጀምረው ይህ ከሆነ ከሺህ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ የክሮጋኖች ሰውነት በሽታውን መቋቋም ጀምሮ ነበር። ሞርዲን የነበረበት ቡድን ይህን ደርሶበት ጄኖፌጁን አሻሽሎ በድብቅ እንደገና ለቀቀው። ስለዚህ ሞርዲን የጥንቱን ኃጢአት የወረሰ ልጅ አይደለም፤ በገዛ እጁ ያደሰው ሰው ነው።

አነሣሡና አቀራረቡ

ሞርዲንን በሁለተኛው ክፍል የጻፉት ፓትሪክ ዊክስ ናቸው፤ የሦስተኛው ክፍል ትልቅ ምዕራፉ ግን ከጆን ዶምብሮው ብዕር ወጥቷል። ድምፁን በ2010 ማይክል ቢቲ፣ በ2012 ደግሞ ዊልያም ሳሊየርስ ሰጥተውታል። ለውጡን ብዙ አድናቂዎች አስተውለዋል፤ የመጀመሪያውን የሚመርጡ አሉ፣ የመጨረሻው የመሰነባበቻ ትዕይንት የሳሊየርስ በመሆኑ ሁለተኛውን የሚመርጡም አሉ።

ተጫዋቹ ሞርዲንን የሚያገኘው ሕግ በሌለባት የኦሜጋ ጣቢያ፣ ወረርሽኝ በገባበት የድሆች ሠፈር ውስጥ ክሊኒክ ከፍቶ ነው። ገንዘብ ሳይጠይቅ ያክማል። ክሊኒኩን ሊዘርፉ የመጡ ቅጥረኞችን ግን ገድሎ ሬሳቸውን ለሌሎች ማስጠንቀቂያ እንዲሆን በር ላይ አስቀምጧል። ጸሐፊዎቹ ገጸ ባሕርዩን ለማስተዋወቅ የመረጡት መንገድ ብልህነት የተሞላበት ይመስለኛል፤ አዳኝነቱና ገዳይነቱ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ የደቂቃዎች ንግግር ውስጥ ይታያሉ። ንግግሩም ቁርጥ ቁርጥ ያለ ነው። ጥያቄ ያነሣል፣ ራሱ ይመልሳል፣ መልሱን ራሱ ይጥለዋል፣ ሌላ ያነሣል፣ ትንፋሹን ስቦ ይቀጥላል።

በ1879 መድረክ ላይ የዋለው የጊልበርትና የሳሊቫን አስቂኝ ኦፔራ «የፔንዛንስ የባሕር ወንበዴዎች» በፍጥነት የሚዘፈን አንድ ዝነኛ ዜማ አለው። በሁለተኛው ክፍል ተጫዋቹ ሞርዲንን በቤተ ሙከራው ደጋግሞ ካነጋገረው፣ ሐኪሙ በዚያ ዜማ ስለ ራሱና ስለ ሳይንስ እውቀቱ ይዘፍናል። ትዕይንቱ ከግማሽ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ ብዙ ተጫዋቾችን ያስተሳሰራቸው ግን እሱ ነው። ሥራ ፈትቶ ለማውራት ጊዜ የሰጠ ሰው ብቻ ስለሚያገኘው፣ ገጸ ባሕርዩ ምሥጢር ያካፈላቸው ያህል ተሰማቸው።

የማኤሎን ምዕራፍ

ሞርዲንን ከሚያስቅ ሐኪምነት ወደ ታላቅ ገጸ ባሕርይነት ያሸጋገረው በሁለተኛው ክፍል የሚገኘው የቱቻንካ ጉዞ ነው። የቀድሞ ተማሪው ማኤሎን በክሮጋኖች ታፍኗል የሚል ወሬ ይደርሰውና ተጫዋቹን፣ ማለትም ኮማንደር ሼፐርድን ይዞ ሊያድነው ይሄዳል። ሲደርሱ ማኤሎን ታፍኖ አልነበረም። ጄኖፌጅን በማደስ ሥራ ከመምህሩ ጋር የተካፈለው ተማሪ ሕሊናው አላስተኛው ብሎ፣ ፈውስ ለማግኘት በገዛ ፈቃዱ መጥቷል። ፈውሱን የሚፈልገው ግን በሕያዋን ላይ አሰቃቂ ሙከራ እያደረገ ነው።

በመንገድ ላይ የአንዲት ክሮጋን ሴት ሬሳ ያገኛሉ። ለልጅ ስትል በሙከራው ላይ በፈቃዷ የገባች ናት። ሞርዲን በፊቷ ይቆማል። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ስለ ጄኖፌጅ ሲጠየቅ የሚመልሰው በቁጥርና በስሌት ነበር፤ ሌላው አማራጭ ጦርነትና የክሮጋኖች ፈጽሞ መጥፋት እንደነበር ደጋግሞ ያስረዳል። እዚህ ላይ ስሌቱ አይለወጥም። ሐዘኑ ግን ይገለጣል፤ ከዚያ ሥራ በኋላ የተለያዩ ሃይማኖቶችን መመርመሩንም ይናገራል።

ይህን ትዕይንት ታላቅ የሚያደርገው ጸሐፊዎቹ ቀላሉን መንገድ አለመያዛቸው ነው። ሞርዲን ተንበርክኮ ተሳስቻለሁ አይልም። የሠራው አስፈላጊ ነበር ብሎ ያምናል፣ የሠራውም ያቃጥለዋል፤ ሁለቱንም አብሮ ይሸከማል። ማኤሎን ደግሞ ተጸጽቷል፤ ጸጸቱ ግን ጨካኝ አድርጎታል። ጸጸት ሁሉ ያነጻል ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ንጽጽር የሚያስደነግጥ ነው። ሞርዲን ተማሪውን ሊገድል ሲነሣ ሊያስቆመው የሚችለው ተጫዋቹ ብቻ ነው። የማኤሎን የምርምር ውጤት ይጥፋ ወይስ ይቀመጥ የሚለውን የሚወስነውም ተጫዋቹ ነው፤ ውሳኔው ትንሽ ይመስላል።

ፈውሱ

በሦስተኛው ክፍል ሪፐር የተባሉ ግዙፍ የማሽን ፍጡራን ጋላክሲውን ሲወሩ፣ ቱሪያኖች የክሮጋኖችን ጦር ይፈልጋሉ፤ ክሮጋኖችም ዋጋቸውን ይጠራሉ፤ የጄኖፌጅ ፈውስ። ሞርዲን ወደ ሥራው የሚመለሰው ሊፈውስ ነው። አብራው የምትሠራው ከማኤሎን ሙከራ የተረፈች፣ ሞርዲን ሔዋን ብሎ የሚጠራት ክሮጋን ናት። የማኤሎን ምርምር ተቀምጦ ከነበረ በሕይወት ትተርፋለች፤ ጠፍቶ ከነበረ ትሞታለች። ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ ጌም ውስጥ የተወሰነችው ነገር አሁን የሰው ነፍስ ሆና ትመጣለች።

የሳላሪያኖች መሪ በበኩላቸው ለሼፐርድ ምሥጢራዊ ሐሳብ ያቀርባሉ፤ ፈውሱ እንዲከሽፍ ካደረገ የሳላሪያኖችን ድጋፍ ያገኛል። ስለዚህ የመጨረሻው ሰዓት ሲደርስ ተጫዋቹ የሞርዲንን የቀድሞ ቦታ ይይዛል። ለብዙኃን ደኅንነት ሲባል የአንድን ሕዝብ ልጆች መንፈግ ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ አሁን የሚጠየቀው ራሱ ተጫዋቹ ነው።

ፈውሱን ለመልቀቅ በሚፈርስ ማማ አናት ላይ መውጣት ያስፈልጋል፤ ሞርዲንም ይወጣል። ይህን ሥራ ሌላ ሰው ቢሠራው ሊሳሳት ይችላል፣ ስለዚህ እኔው መሆን አለብኝ የሚል ሐሳብ አለው፤ አድናቂዎች ከሁሉ በላይ በቃል የሚይዙት ንግግሩ ይህ ነው። ቀደም ብሎ ጦርነቱ ሲያልቅ ሞቃት ባሕር ዳርቻ ሄዶ ዛጎሎችን ማጥናት እንደሚፈልግ ተናግሮ ነበር። ማማው ላይ ሆኖ ሥራውን እየጨረሰ ያን የቀድሞ ዘፈኑን ያንጎራጉራል፣ ከዚያ ማማው ይፈነዳል። ፈውሱ ግን በቱቻንካ ላይ ይዘንባል።

ሌላ መንገድም አለ። ፈውሱን ለማክሸፍ የወሰነ ተጫዋች ሞርዲንን ከጀርባ መተኮስ ይችላል። ሐኪሙ ቆስሎ ወደ መቆጣጠሪያው እየተሳበ ሳይደርስ ይሞታል። ይህን አንድ ጊዜ ለማየት ብለው የሞከሩ ብዙ ተጫዋቾች ወዲያው ጌሙን ዘግተው የቀድሞውን ቅጂ እንደከፈቱ ይናገራሉ። በ2020 አንድ የቀድሞ የባዮዌር ባልደረባ ከተጫዋቾቹ 92 በመቶ ያህሉ የደግነቱን መንገድ ይከተሉ እንደነበር ገልጸዋል፤ የተኮሱት ጥቂቶች ቢሆኑ አይገርምም።

በአድናቂዎች ዘንድ

የማስ ኢፌክት አድናቂዎች ገጸ ባሕርያትን በመውደዳቸው ጌሙን እስከ መለወጥ ደርሰዋል። በ2007 በወጣው የመጀመሪያ ክፍል የቀድሞው ፖሊስ ቱሪያን ጋረስና ፊቷን በመከላከያ ቆብ የምትሸፍነው መሐንዲስ ታሊ የፍቅር ጓደኛ መሆን አይችሉም ነበር። አድናቂዎች አጥብቀው ስለጠየቁ በሁለተኛው ክፍል ሁለቱም ቻሉ። በሦስተኛው ክፍል የታሊ ፊት ከገበያ በተገዛ ፎቶግራፍ ላይ ተመሥርቶ ሲገለጥ ቅሬታው ከባድ ነበር፤ ሦስቱ ክፍሎች በ2021 ታድሰው በአንድነት ሲወጡ ፎቶው በሌላ ምስል ተተካ።

ሞርዲን ግን የፍቅር ጓደኛ አይሆንም። ሼፐርድ ሊያሽኮረምመው የፈለገ ከመሰለው በትሕትና ያመሰግንና እንደማይሆን ይናገራል። አድናቂዎቹ እሱን የሚወዱበት መንገድ ስለዚህ የተለየ ነው፤ እንደ መምህር፣ እንደ ታላቅ ወንድም፣ ሐሳቡን ለመሞገት እንደሚፈልጉት ሰው። ለመታሰቢያው የሚሠሩት ሥዕሎች ላይ ዛጎልና ባሕር ዳርቻ ደጋግመው ይታያሉ፤ በጌሙ ውስጥ ሊደርስበት ያልቻለውን ዕረፍት አድናቂዎቹ በሥዕል ሰጡት።

በ2012 የሦስተኛው ክፍል ፍጻሜ ታላቅ ቁጣ ሲቀሰቅስ፣ ተቃዋሚዎች ለሕፃናት ሆስፒታሎች መጫወቻና ጌም ለሚለግስ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከ80,000 ዶላር በላይ አሰባሰቡ፤ ባዮዌርም በዚያው ዓመት ፍጻሜውን የሚያብራራ ተጨማሪ ክፍል በነፃ ለቀቀ። በዚያ ሁሉ ክርክር መካከል የቱቻንካ ምዕራፍ ግን በተቃዋሚዎቹም ዘንድ ሳይቀር ከተከታታዩ ምርጥ ክፍሎች አንዱ ተብሎ ይጠቀስ ነበር። በእኔ ግምት ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጌሙ ፍጻሜ የተጫዋቹን የዓመታት ውሳኔዎች ወደ ጥቂት አማራጮች ሰበሰባቸው፤ የሞርዲን ሞት ግን ተጫዋቹ በሦስት ጌሞች የሠራውን ሁሉ ቆጥሮ ያስከፍላል። የክሮጋኖቹ መሪ ሬክስ በመጀመሪያው ክፍል ተርፎ ነበርን? የማኤሎን ምርምር ተቀምጧልን? ሞርዲን ራሱ ከሁለተኛው ክፍል ጦርነት ተርፏልን? ካልተረፈ ፓዶክ ዊክስ የተባለ ሌላ ሳላሪያን ቦታውን ይይዛል፤ ታሪኩ ይፈጸማል፣ ጌሙ ግን የጎደለውን አይደብቅም።

ከሁሉ የሚያከራክረው ግን ሞርዲን ሳይሞት የሚቀርበት አንድ መንገድ ነው። ሬክስ ሞቶ ክሮጋኖችን ጨካኙ ሬቭ የሚመራ ከሆነ፣ ሔዋንም ካልተረፈች፣ ሼፐርድ ፈውሱ አሁን እንደማያዋጣ ሞርዲንን ማሳመን ይችላል። ሐኪሙ ያመነታል፣ ይቀበላል፣ ከማማው ይርቃል፣ በሕይወት ይኖራል። ይህን መንገድ የሚደግፉ አድናቂዎች አመክንዮው የራሱ የሞርዲን እንደሆነ ያስታውሳሉ፤ በሬቭ እጅ ያለ የተፈወሰ ሕዝብ ነገ ሌላ ጦርነት ያመጣል፣ ሞርዲንም ጄኖፌጅን ያደሰው ለዚሁ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የሞርዲን ሕይወት የተገዛው በሁለቱ ለክሮጋኖች ተስፋ በነበሩ ሰዎች ሞት እንደሆነ ይጠቅሳሉ። እሱን ለማትረፍ የሚፈልግ ተጫዋች አስቀድሞ፣ ገና በመጀመሪያው ጌም፣ ሬክስ እንዲሞት መፍቀድ አለበት።