የኢንካ መንገድ (ማቹ ፒቹ)

የኢንካ መንገድ በደቡብ አሜሪካ፣ በፔሩ አገር በኩስኮ ክልል የሚገኝና ወደ ጥንታዊው የማቹ ፒቹ ፍርስራሽ የሚያደርስ የእግር መንገድ ነው። ርዝመቱ 43 ኪ.ሜ. ያህል ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በ4 ቀንና በ3 ሌሊት ይጠናቀቃል። ከፍተኛው ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 4,215 ሜትር ገደማ ነው። በቀን ወደ መንገዱ የሚገባው ሰው ቁጥር የተወሰነ በመሆኑ፣ ጉዞው እዚያ ከደረሱ በኋላ የሚወሰን አይደለም፤ የመነሻው ቀን፣ የጉዞ ድርጅቱና የተጓዡ ስም አስቀድመው መታወቅ አለባቸው።

ታሪክ

ኢንካዎች በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን የደቡብ አሜሪካን ምዕራባዊ ክፍል ይገዙ ነበር። ግዛታቸውን ያገናኘው «ካፓቅ ኛን» የተባለው የመንገድ መረብ 30,000 ኪ.ሜ. ያህል ርዝመት ነበረው። መረቡ ዛሬ ኮሎምቢያ፣ ኤኳዶር፣ ፔሩ፣ ቦሊቪያ፣ ቺሌና አርጀንቲና በሚባሉት አገሮች ያልፍ ነበር። ኢንካዎች ባለ መንኮራኩር ጋሪ አልነበራቸውም። ጭነት በሰው ጀርባና በላማ ይጓጓዝ ነበር፤ መልእክትም «ቻስኪ» የሚባሉ ሯጮች እየተቀባበሉ ያደርሱት ነበር። መንገዶቹ ለእግር ብቻ ስለተሠሩ አቀበቱንና ቁልቁለቱን በድንጋይ ደረጃ ያልፉታል።

ማቹ ፒቹ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1450 ገደማ በንጉሥ ፓቻኩቲ ዘመን ሲሆን፣ ብዙ ሊቃውንት የንጉሡ ማረፊያ እንደነበር ያምናሉ። ከ100 ዓመት ያህል በኋላ፣ በእስፓንያ ወረራ ዘመን፣ ሰው ለቀቀው። አሜሪካዊው ሂራም ቢንግሃም እ.ኤ.አ. በ1911 ወደ ቦታው ሲደርስ መንገዱን ያሳየው ሜልቾር አርቴያጋ የተባለ የአካባቢው ገበሬ ነበር። በዚያን ጊዜም ጥቂት ገበሬዎች በጥንቱ እርከን ላይ ያርሱ ስለነበር ቦታው በአካባቢው ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነበር። ማቹ ፒቹና በዙሪያው ያለው ጥብቅ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1983፣ ካፓቅ ኛን ደግሞ በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል።

የጉዞው መስመር

የተለመደው ጉዞ የሚጀምረው ከኩስኮ በሚመጣው የባቡር ሐዲድ 82ኛ ኪሎሜትር ላይ፣ በኡሩባምባ ወንዝ ዳር ነው።

1ኛ ቀን፦ መንገዱ ቀስ በቀስ ይወጣል። በጉዞው ላይ ሰፊ እርከኖች ያሉት የፓታያክታ ፍርስራሽ ይታያል።

2ኛ ቀን፦ ከሁሉም የሚከብደው አቀበት ነው። ተጓዦች ዋርሚዋኙስቃ የተባለውን የተራራ በር ያልፋሉ፤ ስሙ በኬችዋ ቋንቋ «የሞተች ሴት» ማለት ነው። ከዚያ በድንጋይ ደረጃ ወደ ፓካይማዮ ሸለቆ ይወርዳሉ።

3ኛ ቀን፦ ሁለተኛውን በር ተሻግሮ ሩንኩራካይ፣ ሳያክማርካ፣ ፉዩፓታማርካና ዊኛይ ዋይና የተባሉትን ፍርስራሾች ያገናኛል። መንገዱ በጉም የተሸፈነ ደን ውስጥ ያልፋል፤ ረጅሙ ቁልቁለት ለጉልበት ከባድ ነው።

4ኛ ቀን፦ ከንጋት በፊት ተነሥተው «ኢንቲፑንኩ» (የፀሐይ በር) ይደርሳሉ። ማቹ ፒቹ ከዚህ ወደ ታች ይታያል።

ጊዜ ያነሰው ሰው ከ104ኛው ኪሎሜትር ተነሥቶ በዊኛይ ዋይና በኩል የሚያልፈውን የ2 ቀን መስመር መምረጥ ይችላል።

ፈቃድ

ቀድሞ ማንም ሰው ብቻውን በመንገዱ መሄድ ይችል ነበር። የተጓዡ ብዛት ደረጃዎቹን እያበላሸና ቆሻሻው እየበዛ ሲሄድ መንግሥት ጥብቅ ደንብ አወጣ። ዛሬ በአራት ቀኑ መስመር በቀን የሚፈቀደው 500 ሰው ነው። ይህ ቁጥር መንገድ መሪዎችን፣ ምግብ አብሳዮችንና ጓዝ ተሸካሚዎችን ስለሚጨምር ለተጓዦች የሚቀረው 200 ያህል ብቻ ነው። ፈቃዱ የሚገኘው በታወቀ የጉዞ ድርጅት በኩል ሲሆን ያለ መንገድ መሪ መግባት ክልክል ነው። ፈቃዱ በስምና በፓስፖርት ቁጥር ይሰጣል፤ ለሌላ ሰውም አይተላለፍም። ስለዚህ ፓስፖርቱን ያሳደሰ ሰው ለድርጅቱ አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ተጓዥ የሚበዛባቸው ወራት ፈቃድ ከብዙ ወራት በፊት ያልቃል።

ጓዝ ተሸካሚዎች

በአብዛኛው የመንገዱ ክፍል የጭነት እንስሳት ስለማይፈቀዱ ድንኳኑን፣ ምግቡንና የማብሰያ ዕቃውን የሚሸከሙት ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ከአካባቢው የኬችዋ መንደሮች የመጡ ገበሬዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ሕግ የአንድ ተሸካሚ ጭነት ከ20 ኪሎግራም እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ጭነቱም በመግቢያው ኬላ በሚዛን ይታያል። በጣም ርካሽ ዋጋ የሚጠይቅ ድርጅት ወጪውን ከተሸካሚዎች ደመወዝ፣ ምግብና መኝታ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ድርጅት ከመምረጥ በፊት ስለ አያያዛቸው መጠየቅ ይገባል።

ከፍታና ጤና

ኩስኮ 3,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ከዝቅተኛ ቦታ በአውሮፕላን የሚደርስ ሰው በመጀመሪያው ቀን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊሰማው ይችላል። ይህ የከፍታ ሕመም ነው። ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 2 ወይም 3 ቀን በኩስኮ ወይም ዝቅ በሚሉት የሸለቆው ከተሞች፣ ለምሳሌ በኦያንታይታምቦ፣ መቆየት ሰውነትን ያለማምዳል። አሴታዞላማይድ የተባለው መከላከያ መድኃኒት በሐኪም ምክር ይወሰዳል። አካላዊ ጥንካሬ ከዚህ ሕመም አያድንም። ግራ መጋባት፣ መንገዳገድ ወይም ዐርፈው ሳለ የትንፋሽ ማጠር ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ያስፈልጋል። መንገዱ መኪና ስለማይገባበት፣ ምልክቶቹን ለመንገድ መሪው ቶሎ መናገር ሕይወት ያድናል።

ወቅትና ዝግጅት

ደረቁ ወቅት ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው። ቀኑ ብሩህ ቢሆንም ሌሊቱ ውርጭ ሊሆን ይችላል። ከዲሴምበር እስከ ማርች ዝናቡ ስለሚበረታ ደረጃዎቹ ያንሸራትታሉ። መንገዱ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ (ከጥር 24 እስከ የካቲት 21 ገደማ) ለጥገና ይዘጋል። ማቹ ፒቹ ግን በባቡር ለሚመጡ ጎብኚዎች ክፍት ሆኖ ይቆያል። ቀድሞ የተለማመዱበት ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ ሙቀት የሚይዝ ስሊፒንግ ባግ፣ የራስ መብራትና የውኃ ማጣሪያ ያስፈልጋሉ። የምርኩዝ ጫፍ ድንጋዩን እንዳይቧጥጥ በጎማ መሸፈን አለበት።

አማራጭ መንገዶች

ፈቃድ ያላገኙ ተጓዦች በሳልካንታይ ተራራ ሥር የሚያልፈውን መንገድ ይመርጣሉ፤ ከፍተኛው በሩ 4,600 ሜትር ያህል ስለሆነ ከኢንካ መንገድ ይበልጣል። ሌላው ወደ ቾኬኪራኦ የሚወስደው መንገድ ነው። ይህ የኢንካ ከተማ ከአፑሪማክ ወንዝ በላይ በ3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ተጓዡ ወደ ጥልቁ ሸለቆ ወርዶ እንደገና መውጣት ይኖርበታል። ጎብኚዎቹ ከማቹ ፒቹ እጅግ ያነሱ ሲሆን፣ ከፍርስራሹ ከፊሉ እስካሁን በደን እንደተሸፈነ ነው።