ቤቱ ሲሸጥ ተከራዩ የማን ነው?

ትንሽ ስለሚረዝም ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን አንዲት የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ ነው የምትሠራው። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። «ቲቸር፣ ግቢው ተሽጧል፤ በ15 ቀን ልቀቁ ተባልን። መብት የለንም እንዴ?» ትላለች። ስድስት ክፍል ያለው ግቢ ነው፤ ለስድስቱም የተነገረው በአንድ ቀን ነው። ገዢው ከደላላ ጋር መጥቶ ግቢውን ሲለካ «ዘመድ ነው» ተብለው ነበር።

አጭሩን መልስ ነገርኳት፤ ከታች እመጣበታለሁ። ረጅሙ መልስ ግን ታሪክ ነው፤ ያውም ክፍል ውስጥ በሁለት መስመር የምናልፈው ታሪክ።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። በጥንት ሮማውያን ሕግ ተከራይ የሚያውቀው ያከራየውን ሰው ብቻ ነበር። ቤቱ ሲሸጥ ገዢው «አንተን ከየት አውቅሃለሁ?» ብሎ ሊያስወጣው ይችላል፤ ተከራዩ ካሳ ከፈለገ የድሮ አከራዩን ፈልጎ ይጠይቅ። በ1804 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የናፖሊዮን ሕግ ይህን ለወጠ፤ ገዢው ተከራዩን ማስወጣት አይችልም አለ። ግን አንዲት ነገር ጨመረባት፦ ውሉ የተረጋገጠ ወይም ቀኑ በማያጠራጥር መንገድ የታወቀ መሆን አለበት። ጀርመኖችም ሕጋቸውን ሲያረቁ የመጀመሪያው ረቂቅ የሮማውያኑን መንገድ ይዞ ነበር። ብዙ ተቃውሞ ተነሣበት። በ1900 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ተገልብጦ ሽያጭ ኪራይን አያፈርስም ብሎ ወጣ።

የፈረንሳዩን «የተረጋገጠ ውል» ያዙልኝ። ወደ ቤታችን እንምጣ።

የጅቡቲው ባቡር በ1909 አዲስ አበባ የደረሰው በእኛ ከተማ በኩል አልፎ ነው። ናዝሬት ጣቢያዋን ይዛ አደገች፤ ሱቁም፣ ሆቴሉም፣ የኪራይ ቤቱም እዚያው ዙሪያ። በ1946 ደግሞ ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ጀመረ። ኩባንያው ኢንዶኔዥያ ውስጥ በእርሻ የኖረ ነው፤ ወንጂም ላይ ለሠራተኞቹ ካምፕ ሠራ። የካምፕ ቤት ደላላ አያውቀውም፣ አይሸጥም። ነገር ግን ከሥራ የወጣ ሰው ከቤቱም ይወጣል። እንጀራውንና ጣሪያውን ከአንድ እጅ ነው የሚቀበለው።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 መጣ። አዋጅ ቁጥር 47። «የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ» ብላችሁ ሸምድዳችሁ ለፈተና የጻፋችሁት። ለባለቤቱ ምን ማለት እንደነበር ሁሌም ይወራል፤ ለተከራይ ምን ማለት እንደነበር ግን ብዙም አይነሣም። የከተማ ቦታ በሙሉ የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ከሚኖርበት ቤት ሌላ ያለው ሁሉ ትርፍ ተባለ። ለመኖሪያ የሚያዝ ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተደረገ። ኪራዩ በወር እስከ 100 ብር የሆነውን ቤት ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነውን ኪራይ ቤቶች ያዙት። (የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ቀበሌ፣ ራሱ የዚህ አዋጅ ልጅ ነው። መታወቂያ ለማውጣት ስትሰለፉ አስታውሱት።) ዝቅተኛ ኪራይ ይከፍሉ ለነበሩት ደግሞ ኪራዩ እስከ ግማሽ ተቀነሰላቸው።

በአንድ ሐምሌ አከራይ የሚባል ሰው ጠፋ። አከራይ ከሌለ ሻጭ የለም፤ ሻጭ ከሌለ «ተሽጧል፣ ልቀቁ» የሚልም የለም። ቀበሌ ቤት የገባ ሰው ልጆቹን እዚያው ወልዶ፣ ድሮ እዚያው፣ ተስካሩም እዚያው ወጣ።

ይህን ስል ደርግን ማመስገኔ አይደለም። ዕድሜ ልኩን ለፍቶ ሁለት ክፍል የሠራና ለጡረታዬ ብሎ ያከራየ ሰውም ከትልልቁ ባላባት ጋር እኩል ነው የተወረሰው። አዋጁ ካሳ ይከፈላል ብሎ ነበር፤ ካሳውን ያላየው ብዙ ነው። ቀበሌም በዚያች ኪራይ ጣሪያ መቀየር አልቻለም፤ ጭቃ ቤቱ ዘመመ። ለኪራይ ብሎ ቤት የሚሠራም ጠፋ። ተከራዩን ከሻጭ ያዳነው ሕግ ቀጥሎ ለሚመጣው ተከራይ ቤት አላስቀረም።

በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበያው መመለስ ጀመረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ አንቀጽ 40 ላይ ዛሬም የምንኖርበትን ነገር ደነገገ፦ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ በላዩ የሠራኸው ቤት ግን የራስህ ነው፣ መሸጥ ትችላለህ።

በወረቀት ላይ የሚሸጠው ቤቱ ነው። እስቲ አዳማ ላይ ወደ አንድ ደላላ ሂዱና ግቢ ጠይቁ። ስለ ጣሪያው ይነግራችኋል? «ስንት ካሬ ነው? ካርታ አለው? አስፋልት ላይ ነው?» ነው ወሬው። ገዢው የሚከፍለው ለቦታው ነው። ግቢው ውስጥ ያሉት ስድስት ክፍሎች ለእሱ ፍርስራሽ ናቸው፤ አፍርሶ ፎቅ ሊያቆም ነው ያሰበው። ተከራይዋ የምትኖረው ደግሞ እነዚያው ክፍሎች ውስጥ ነው። ሕጉ ይሸጣል የሚለው ቤት ገበያው ላይ ዋጋ የሌለው ነገር ሆኗል፤ ውስጡ ያለው ሰውም አብሮ። ለዚህ ነው «አዲሱ ባለቤት ያስቀጥለን ይሆናል» የሚለው ተስፋ ብዙ ጊዜ የማይሠራው። የሚያስቀጥለው ቤት የለማ!

አሁን ፓርኩን ተመልከቱ። የፍጥነት መንገዱ በ2006፣ አዲሱ ባቡር በ2009፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ መስከረም 2011 ተመረቁ። ሦስቱም ወጣቱን ወደ አዳማ ሳቡ፤ ሦስቱም የቦታ ዋጋ ሰቀሉ። ከአርሲ፣ ከባሌ፣ ከሸዋ የመጣችው ልጅ ክፍል የምትፈልግበት ከተማና ባለሀብቱ ግቢ የሚፈልግበት ከተማ አንድ ሆነ። ወንጂ ላይ ሥራና ቤት በአንድ እጅ ነበሩ አልኩ አይደል? እዚህ በሁለት እጅ ናቸው፤ ሁለቱ እጆች ግን አይተዋወቁም። ፋብሪካው ሠራተኛዋ የት እንደምታድር አያውቅም፤ አከራይዋ ሠራተኛዋ ስንት ሰዓት እንደምትገባ ብቻ ነው የሚያውቁት (በር ስለሚከፍቱ)።

ደመወዙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለግል ዘርፍ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለንም። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ትምህርት ቤት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት የሀዋሳ ፓርክ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በዚህ ደመወዝ ላይ በድንገት «ልቀቁ» ሲመጣ አስቡት፦ ለአዲሱ ክፍል ቅድሚያ ክፍያ፣ ለደላላ፣ ለዕቃ መጫኛ፣ ቤት ፍለጋ ሲዞሩ የሚቀር ሺፍት። አንድ ወር ሙሉ ለቤት ብቻ ሠሩ ማለት ነው።

ሕግ ተከራይን እንደገና ያየው ቆይቶ ነው። ሚያዝያ 2012 ላይ በኮሮናው አስቸኳይ ጊዜ ተከራይ ማስወጣትም ሆነ ኪራይ መጨመር ለጊዜው ተከለከለ። ቀጥሎ መጋቢት 24 ቀን 2016 ፓርላማው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅን አጸደቀ፤ ቁጥር 1320/2016። ውል ቢያንስ ለ2 ዓመት ይሁን ይላል፤ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይበልጥም። ቤቱ ከተሸጠ ደግሞ ተከራዩ እንዲለቅ የ6 ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። 15 ቀን አይደለም፣ 6 ወር!

ሁለት ነገር ግን አለ። አንደኛ፣ አዋጁ በቀጥታ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው፤ ክልል ውስጥ ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው። ሁለተኛ፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የናፖሊዮኗ «የተረጋገጠ ውል» ተመልሳ መጣች።

ለተማሪዬ ያልኳት አጭር መልስ ይኸው ነበር፦ ወረቀት አላችሁ? የላቸውም። ሁለት ዓመት ከምናምን በእጅ ነው የከፈሉት። አከራይዋን ክፉ ናቸው ልል አልችልም፤ ባል የሞተባቸው እናት ናቸው፣ አርጅተው ወደ ልጆቻቸው ሊሄዱ ነው። ውል ያልጻፉት የኪራይ ግብር ፈርተው ነው። ልጆቹም ያልጠየቁት «ከጠየቅን ይጨምሩብናል» ብለው ነው። ሁለቱም ዝም ሲባባሉ ኖሩ፤ ዝምታው የጠቀመው ገዢውን ነው። በኋላ የሰፈር ሽማግሌ ገብቶ 15ቷ ቀን 45 ሆናለች። እሷም በሕግ ሳይሆን በልመና።

ስለዚህ ፓርኩ አካባቢ የምትኖሩ፣ ከወር እስከ ወር በቃል የተከራያችሁ፦ ኪራዩን በእጅ አትስጡ፣ በባንክ ወይም በቴሌብር ላኩ፤ «የቤት ኪራይ» ብላችሁ ጻፉበት፣ ወሩንም። ለአራት ከተከራያችሁ የአራታችሁም ስም ውሉ ላይ ይግባ። አከራዩ ግብሩን ከፈራ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ቀበሌ ሄዳችሁ ውል የሚመዘገበው የት እንደሆነ ጠይቁ፤ ብቻችሁን ሳይሆን የግቢው ተከራይ ሁሉ አብራችሁ ሂዱ፤ ስድስት ክፍል ሙሉ ሰው ቢሮ በር ላይ ሲቆም «ነገ ና» ማለት ይከብዳል።

የጽሑፍ ውል ያላችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳገኛችሁት ከታች ጻፉልን። አከራይ የሆናችሁም ጻፉ፤ እናንተን ምን እንደሚያስፈራችሁ መስማት እፈልጋለሁ።